ለዘርፌ አፍ ልሰጥ አትላንታ የሄድኩ ጊዜ

ከተመለስኩ ወዲህ መንገድ ላይ ያገኘኝ ሁሉ "አሜሪካ እንዴት ነች?" ይለኛል። "ደህና ነች" እላለሁ፤ ጨዋታውም እዚያው ያልቃል። ምን ልሠራ እንደሄድኩ የጠየቀኝ ሰው የለም። ቢጠይቀኝም ቆሜ የምጨርሰው ወሬ አይደለም፤ ስለዚህ ተቀምጬ ልጻፈው።

ለማታውቁኝ፣ ስሜ ሉባባ ነው። ደሴ ፍርድ ቤቱ አጥር ሥር ጠረጴዛ ዘርግቼ ለባለጉዳይ ማመልከቻ እጽፋለሁ። ትምህርቴ ስምንተኛ ክፍል ላይ ቀርቷል፤ የቀረውን ያስተማረኝ የባለጉዳይ አፍ ነው። ሰው ሲከሰስና ሲከስ እንዴት እንደሚናገር ከኔ በላይ የሰማ ጥቂት ይመስለኛል፤ ወሬ ስለምወድም አንዱን አልረሳም።

አትላንታ ያደገ ሚኪያስ የሚባል ሠዓሊ አለ። ልጅ ሳለ የድሮ እንግሊዝ መርማሪዎችን ታሪክ ሲያነብ ያመሽ ነበር አሉ፤ ጭጋግ፣ የጋዝ መብራት፣ በጋሪ የሚሄድና ከጫማ ጭቃ ተነስቶ ገዳይ የሚያውቅ ሰው። ሲያድግ "በዚያው ዘመን እኛ አገር ሌባ የሚፈልግ ብልህ ሰው አልነበረም?" ብሎ አሰበና ብላታ እንግዳ የሚባል መርማሪ ፈጠረ። ብላታ እንግዳ የሚኖረው አዲስ አበባ ገና ድንኳን በነበረችበት ጊዜ ነው። ሥዕሉ የሚኪ ነው። ሚኪ ግን አማርኛው የእናት ቤት አማርኛ ስለሆነ፣ የዚያ ዘመን ሰው እንዴት እንደሚናገር የሚነግረው ፈለገ፤ አንዲት ዘመዱ ማመልከቻ ልታስጽፍ እኔ ዘንድ መጥታ ስለነበር በእሷ በኩል አገኘኝ። ሥዕሉን በስልክ ይልክልኛል፤ እኔ ንግግሩን እልካለሁ። ከእያንዳንዱ ሰው አፍ የሚወጣ ነጭ ክብ አለ፣ ሚኪ "ባብል" ይለዋል፤ እሱን መሙላት የኔ ሥራ ሆነ።

መጀመሪያ ላይ ብዙ ተጨቃጭቀናል። ሚኪ ብላታን "አምስት ደቂቃ ስጠኝ" ያሰኘዋል፤ እኔ "ጥላው ከደጃፉ ሳይደርስ እመለሳለሁ" አሰኘዋለሁ። ሚኪ "ፖሊስ ጥራ" ይላል፤ እኔ ፖሊሱን ወደ ዘበኛ እመልሰዋለሁ። ሁለት ዓመት እንዲህ ስንጎተት ከርመን የመጨረሻው ገጽ ላይ ደረስን።

በመጨረሻው ገጽ ላይ ዘርፌ የምትባል ገረድ እንግዳ የሚጠጣበትን የብር ዋንጫ ሰርቀሻል ተብላ ችሎት ቆማለች። በዚያ ዘመን ከሳሽና ተከሳሽ ነገሩ እስኪለይ በአንድ ሰንሰለት ይታሰሩ ነበር፤ ቁራኛ ይባላል። ዘርፌ የታሰረችው ከከሰሳት አጋፋሪ ጋር ነው፤ ሌባውም ያው አጋፋሪው ነው። እዚያ ላይ አፏን ትከፍታለች።

የተናገረችው የኔ ቃል አይደለም፤ የአያ ይመር ነው። አያ ይመር በአንድ ቁራጭ መሬት የተነሳ ዕድሜያቸውን ፍርድ ቤት የጨረሱ ሽማግሌ ነበሩ። ችሎት ሲቆሙ ኩታቸውን አጣፍተው፣ ዱላቸውን ተክለው፣ እንደ ጥንቱ ተሟጋች "በላ ልበልሃ!" ብለው ይጀምራሉ። ከዚያ "ንጉሥ ይሙት" እያሉ መማል ነው፤ እያንዳንዱ ቃላቸው በዚያ መሐላ ላይ ይንጠለጠላል። ዳኛው ግን ሁልጊዜ "አባት፣ ባጭሩ" ይሏቸዋል። ወጥተው እኔ ጠረጴዛ ዘንድ ይመጡና የተቆረጠባቸውን እስከ ጫፉ ይሉታል። "ውስጥ አላስጨረሱኝም፤ አንቺ ጻፊው" ይላሉ። ማመልከቻ ላይ እንዲህ ያለ ነገር አይጻፍም። ነገሩ ሳይለይላቸው ሞቱ። ለባለቤታቸው ለእትዬ ሰዓዳ "የአያ ይመር ቃል መጽሐፍ ላይ ይወጣል፤ ይዤልዎት እመጣለሁ" ብዬ ነበር። የሄድኩት ለዚህ ነው፤ የቀረው ሰበብ ነው።

ሰበቡም ይህ ነበር፤ አትላንታ መሐል ከተማ ሆቴል ውስጥ የሥዕል መጽሐፍ የሚሠሩ ሰዎች የሚሰበሰቡበት ትልቅ ገበያ አለ፤ ሚኪ ጠረጴዛ ይዟል፤ መጽሐፉ ለዚያ ይደርሳል፤ እኔም እንድገኝ ተጠራሁ።

ማክሰኞ ደረስኩ። የአትላንታ አውሮፕላን ማረፊያ ውስጡ ባቡር ያለው ነው፤ ደሴን ከጫፍ ጫፍ ብታጥፏት እዚያ ውስጥ ቦታ ይተርፋል። ሚኪ የለም። ለካ ማረፊያው ሁለት በር አለው፣ አንዱ ከአንዱ በመኪና የሚኬድ፤ እሱ ያኛው ጋ ቆሞ ይፈልገኛል። ሻንጣዬ ላይ ተቀምጬ ሳለ የሆቴል ሚኒባስ የሚነዳ ሰው መጥቶ ፊቴ ቆመና ሻሼን አይቶ፣

"ሐበሻ ነሽ?" አለኝ።

"ነኝ።"

"ከየት?"

"ከደሴ።"

"ደሴማ ሰፊ ናት፤ ከየት?"

"ከሸዋበር።"

"አይ እንግዲህ፣ ቤቴ መጣሽ" ብሎ ሳቀ። መሐመድ ይባላል፤ ኢስት ፖይንት ነው የሚኖረው፤ የሚኒባሱ ሥራ ለሰፈሩ ቅርብ ነው። በስልኩ ለሚኪ ደወለና "ልጅህን ይዤልሃለሁ፣ ቀስ ብለህ ና" አለው። ልጅህ የተባልኩት እኔ ነኝ። ከፌስታሉ ብርቱካን አውጥቶ ሰጠኝ። ምን ልሠራ እንደመጣሁ ስነግረው "አያቴ ሲቆጣ 'በላ ልበልሃ' ይል ነበር። ምን ማለት እንደሆነ ጠይቄው አላውቅም" አለ።

ሚኪ መጣ። ረጅም፣ ጺሙን ያሳደገ፣ ፈገግታው የሚያምር ልጅ። "ሶሪ ሉባባ፣ ሌላ ቦታ ፓርክ አድርጌ ነው" አለኝ፤ ገና ካየኝ ጀምሮ አንቺ ነኝ። አልተቀየምኩም፤ አጎንብሶ ሻንጣዬን ሲያነሳ እጁ ያከብረኛል።

መንገዱ ዛፍ ብቻ ነው። አሜሪካን በሥዕል ሲያሳዩን ፎቅ ነበር፤ እዚህ ግን ከዛፉ ሥር ከተማ የተደበቀ ይመስላል። በእግሩ የሚሄድ ሰው ፈልጌ አጣሁ። እኛ ጋ መንገድ የእግረኛ ነው፣ መኪናው ነው አሳልፉኝ ብሎ የሚለምነው።

ያረፍኩት ሚኪ ከእናቱ ጋር በሚኖርበት ቤት ነው። እናቱ አልማዝ አረጋውያን በሚጦሩበት ቤት ትሠራለችና ያን ማታ ተረኛ ነበረች። ሚኪ ሩዝና ምስር አቀረበልኝ፤ ሁለት ጊዜ ቀምሼ "በቃኝ" አልኩ። ያው እንደ ደንቡ ነው፤ አስተናጋጅ ይለምናል፣ እንግዳ እምቢ ይላል፣ እንደገና ይለምናል፣ ከዚያ ይበላል። ሚኪ "ኦኬ" አለና ሳህኑን አነሳው፤ አጥቦም ሰቀለው። እኔም ተርቤ ተኛሁ።

ረቡዕ ጠዋት አልማዝ ከሥራ ስትገባ ይህን ሰምታ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። "አንተ፣ እንግዳ በቃኝ ሲል እኮ ገና መጀመሩ ነው" አለችው። "ታዲያ ለምን በቃኝ አለች?" አለ ሚኪ፣ ከልቡ። አልማዝ እኔን አቅፋ "ምን ላድርገው ሉባብዬ፣ እዚህ አሳደግኩት" አለች። እሷ ወንጌላዊት ናት፤ እኔ እስላም ነኝ። ሳልጠይቃት፣ እንቅልፏን ትታ ወደ እስላም ሥጋ ቤት ነድታ ሥጋ አመጣች፣ አዲስ ድስትም ገዛች፤ "ይሄ ያንቺ ብቻ ነው፤ ሌላ ሥጋ አልነካውም" ብላ ምድጃው ላይ አስቀመጠችው። ይህን ድስት አስታውሱልኝ። ከዚያ በኋላ በሆነው ሁሉ ስናደድ ድስቱ ትዝ ይለኛል።

ከሰዓት ሚኪ አቮንዴል እስቴትስ ወደምትባል ቅርብ ከተማ ወሰደኝ። ነጭ ግድግዳ ላይ ጥቁር እንጨት የተጋደመባቸው፣ ጣሪያቸው የሾለ ቤቶች ተደርድረዋል፤ የእንግሊዝን አሮጌ ከተማ አስመስለው የሠሯት ናት። "ልጅ ሆኜ ለንደን ይቺ ትመስለኝ ነበር" አለ ሚኪ። "እዚህ ቁጭ ብዬ ነው፣ ላይክ፣ መርማሪ መሳል የጀመርኩት።" የሰው አገር ዘመን ለማስመሰል እንዲህ ከተደከመ የራሳችንን ለማስመሰል እኛ ብንደክም አይበዛብንም ብዬ ደስ አለኝ። ያን ቀን የተደሰትኩት እስከዚያ ድረስ ነው።

ቤት ስንመለስ አልማዝ የመጨረሻውን ገጽ በወረቀት አውጥታ ጠረጴዛ ላይ አኑራዋለች። የቤተ ክርስቲያናቸው የልጆች አማርኛ ክፍል ኃላፊ እሷ ናት። መጽሐፉ ሊታተም የቻለው ክፍሉ ለልጆቹ ማስተማሪያ እወስዳለሁ ስላለ ነው፤ አታሚውም የዚያው ቤተ ክርስቲያን ሰው ነው። ይህን የሰማሁት ያን ጊዜ ነው።

"ሉባብዬ፣ ሁሉንም ወደነዋል" አለች። "ይቺ መሐላ ብቻ።"

"የቷ?"

"'ንጉሥ ይሙት' የምትለዋ። እኛ መማል አይፈቀድልንም። ልጆቹ ቤታቸው ገብተው ንጉሥ ይሙት ሲሉ እናቶቻቸው ምን ይሉኛል?"

"እኔም ዘንድ ከአላህ ሌላ በማንም አይማልም" አልኳት። "የምትምለው ግን እኔ አይደለሁም፤ ዘርፌ ናት። በዚያ ዘመን ችሎት ቆሞ ሳይምል የሚናገር ሰው የለም። ካልማለች የሚሰማት የለም።"

"'በእውነት' ብትልስ?"

ሚኪ እያየን ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብኩላት። የአያ ይመር ቃል፣ ለዘርፌ ክስ እንዲስማማ አድርጌው፣ እንዲህ ነው፦

"በላ ልበልሃ! ንጉሥ ይሙት፣ ጆሮህን ከአፌ አታሽሽ። ንጉሥ ይሙት፣ ይህ እጅ ውሃ ቀድቷል፣ እንጨት ለቅሟል፣ ያንተን እግር አጥቧል፤ ሌላ የነካው ቢኖር ይቆረጥ። ንጉሥ ይሙት፣ ሰንሰለቱ አንድ ነው፤ እኔ ብወድቅ ብቻዬን አልወድቅም፣ አንተ ብትቆም ብቻህን አትቆምም።"

እንዲህ እያለ ይቀጥላል፤ ረጅም ነው። ቀጥዬ "በእውነት ጆሮህን ከአፌ አታሽሽ፣ በእውነት ይህ እጅ ውሃ ቀድቷል" ብዬ አነበብኩት። በቲማቲም ዋጋ የምትከራከር ሴት መሰለች። አልማዝም ሳቋ መጣና አፏን በእጇ ያዘች። "አያምርም" አለች። "ግን ምን ላድርግ?"

"ሚኪ፣ አንተ ምን ትላለህ?" አልኩት።

"እኔ እወደዋለሁ፣ ዩ ኖው። ባብሉን እኮ ትልቅ አድርጌ የሳልኩት ለዚህ ነው፤ ግማሽ ገጽ ነው። ግን ማሚ ክላሱን ካጣች መጽሐፉ የለም።"

ሐሙስ ከሚኪ ጋር ማተሚያ ቤቱ ወዳለበት ወደ ኖርክሮስ ሄድን። ከጎኑ የኮሪያ ዳቦ ቤት፣ ማዶ የሜክሲኮ ጎማ ቤት፤ የሰው ሁሉ ፊደል በየበሩ ተሰቅሏል። አታሚው አቶ ደረጀ በክብር ተቀበሉኝ፤ ወንበር ጠርገው አስቀመጡኝ። ገጹን በኮምፒውተር ከፍተው ሲጠብቁን ነበር።

"ወይዘሮ ሉባባ፣ እኔ አላትምም አላልኩም" አሉ። "እንዲያው ባጭሩ ቢሆን ለልጆቹም ይቀላል። መሐላው ይውጣና ባጭሩ።"

ባጭሩ ሲሉ የዳኛው ድምፅ ጆሮዬ ላይ መጣ። ደሜ ፈላ። ግን እንግዳ ነኝ፣ ሽማግሌ ፊት ነኝ፤ መጮህ አልችልም። እኛ ጋ እንዲህ ያለ ጊዜ ሰው የሚያደርገውን አደረግኩ። ተነሳሁና፣

"እንግዲህ እንዲህ ከሆነ ጨርሶ ይቅር። ንግግሯን በሙሉ ሰርዙት" አልኩ።

ይህን የሚል ሰው ምን ማለቱ እንደሆነ ታውቃላችሁ። ለምኑኝ ማለቱ ነው። ይሄን ያህል ከፍቶኛል፣ ኧረ አይሆንም በሉኝ፣ እጄን ይዛችሁ መልሱኝ ማለቱ ነው። እኔ ጠረጴዛ ዘንድ ስንቱ ባለጉዳይ "ክሱ ይቅር፣ ቀዳጂው" ብሎኛል፤ አንዱንም ቀድጄ አላውቅም።

"አር ዩ ሹር?" አለ ሚኪ።

"አዎ፣ ይቅር።"

ፊቱ በራ። ተነስቶ አቀፈኝ። "ታንክ ዩ፣ ሉባባ፣ ሪሊ። ከባድ እንደሆነ አውቃለሁ።"

ወጥቼ መኪናው አጠገብ ፀሐይ ላይ ቆምኩ። ተከትለውኝ ይመጣሉ ብዬ ነው። አቶ ደረጀ መጡ፤ ቀዝቃዛ ውሃ ይዘው። "ሙቀቱ አይጣል ነው፣ ግቡ እንጂ" አሉኝ። ስለ ዘርፌ አንድም ቃል የለም። እኛ ጋ ፀሐይ ላይ ሰው ተቀይሞ ሲቆም ይታወቃል። እዚያ ሙቀት ብቻ ነው የሚታየው።

ቢሆንም ተስፋ አልቆረጥኩም፤ አልማዝ አለች፤ ሚኪም ማታውኑ ይቅር ማለቴን ነግሯታል። ዓርብ ከሥራ ቀርታ ቀኑን ሙሉ ከኔ ጋር ዋለች። ለእህቴ ልጆች ጫማ መረጠች፣ ጉልበቴን ስለሚያመኝ ከምትሠራበት የምታውቀውን ቅባት ገዝታ ራሷ አሸችልኝ፣ በዚያ ድስት ቅቅል ሠራችልኝ። በቃኝ ስል ትለምነኛለች፣ እምቢ ስል ታጎርሰኛለች። እያጎረሰችኝ ዓይን ዓይኗን አየሁ። ትጠይቀኛለች ብዬ ጠበቅኩ። "ሉባብዬ፣ ሐሙስ ተቀይመሽ ነው እንዴ?" ትለኛለች ብዬ ነው። ወሬው ግን የጫማ ቁጥር ነበር። ነገ ታነሳዋለች አልኩ።

ቅዳሜ ገበያው ቆመ። የሆቴሉ አዳራሽ የእነዚያን የእንግሊዝ መርማሪዎች ዘመን ልብስ በለበሱ አሜሪካኖች ተሞልቷል፤ ረጅም ጥቁር ባርኔጣ፣ የኪስ ሰዓት፣ ወለል የሚጠርግ ቀሚስ። እኛ ጋ እንዲህ ለብሶ የሚወጣው ተዋናይ ብቻ ነው። አንዲት ወፍራም ሴት ጠረጴዛችን ፊት ቆማ የእጅጌዋን ቁልፎች አሳየችኝ። ሚኪ ተረጎመልኝ። ቁልፎቹ በዚያ ዘመን ልክ የተሠሩ ናቸው፤ ትክክለኛዎቹን እስክታገኝ ድረስ ቀሚሱን አልለበሰችም አለ። አመሰገንኳት። ከምር ነው ያመሰገንኳት፤ የምትደክምበትን ነገር ታውቃለች።

እሷ ስትሄድ ካርቶኑ ተከፈተ። አንዱን አንስቼ ቀጥታ ወደ መጨረሻው ገጽ ሄድኩ።

ዘርፌ ቆማለች። ሰንሰለቱ አለ። የአጋፋሪው ዓይን፣ የብላታ ጥላ፣ ሁሉም ሚኪ እንደሳለው ነው፤ እጅ ያስቆረጥማል። ከአፏ የሚወጣው ነጭ ክብ ግማሽ ገጽ ይዟል። አሳንሶ ለመሳል ጊዜ አልነበረም። መሐሉ ላይ በትንሽ ፊደል፣

"እኔ አልሰረቅኩም።"

ይላል። ዙሪያው ነጭ ነው። በረዶ ላይ የወደቀች ዝንብ ትመስላለች።

"ጥሩ ነው አይደል? ሲምፕል ነው" አለ ሚኪ። ልጁ ክፋት የለበትም። ምን ልበለው? ይቅር ብያለሁ፤ ቀርቷል። ቀኑን ሙሉ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጬ ለሚገዛው ሁሉ ፈገግ አልኩ።

እሑድ አልማዝ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ ወጥ ቤት አገኘኋት። መጽሐፉን ልጆቹ እንደወደዱት ልትነግረኝ ስትጀምር አቋረጥኳት።

"አልሚ፣ እሱ ልጅ ነው፣ እዚህ ነው ያደገው። አንቺ ግን ይቅር ማለቴን ሰምተሻል።"

"ሰምቻለሁ።"

"ይቅር ማለት ምን ማለት እንደሆነም ታውቂያለሽ።"

ማማሰያዋን አስቀመጠች። "አውቃለሁ፣ ሉባብዬ" አለች። "ብለምንሽ እኮ ትመለሺ ነበር። ትመለሺና ቃሉም ይመለስ ነበር። ለዚህ ነው ያልለመንኩሽ።"

እንድጮህባት ትጠብቅ ነበር መሰለኝ። እኔ ግን ያን ድስት አየሁት፤ ምድጃው ላይ ነው፤ ምሳዬ እየበሰለበት ነው። ሃይማኖቴን እንዲህ የጠበቀችልኝ ሴት ሃይማኖቷን ስትጠብቅ ምን እላታለሁ? ምሳውን በላሁ። አንድ ጊዜም በቃኝ አላልኩም።

ሰኞ አውሮፕላን ማረፊያ ሁለቱም ሸኙኝ። አልማዝ አለቀሰች፣ እኔም አለቀስኩ። ሚኪ ሻንጣዬ ውስጥ ብዙ መጽሐፍ ከቶልኛል።

ደሴ በገባሁ በማግስቱ እትዬ ሰዓዳ ቤት ሄድኩ። ማንበብ አይችሉም። መሐረባቸውን አስተካክለው፣ መጽሐፉን ጭናቸው ላይ አድርገው በመዳፋቸው ጠረጉት።

"የቱ ጋ ነው የሱ?" አሉኝ።

ገለጥኩላቸው። ዘርፌን አዩ፣ ሰንሰለቱን አዩ። ጣታቸው ነጩ ላይ ደረሰና ዳር ዳሩን ዞረ፤ መሐሉ ላይ ያለችውን ትንሽ ጽሑፍ ነካትና ቆመ።

"ይሄ ሁሉ ባዶ ምንድን ነው፣ ልጄ?"

"የአያ ይመር ቦታ ነው፣ እትዬ።"

ለረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያ መጽሐፉን ቀስ ብለው ዘጉና፣

"እዚያም ባጭሩ አሏቸው?" አሉኝ።